የሮቦት ክለቡ በጀት በማን እጅ ነው? መምህራን የልጆችን የስቴም ትምህርት ለሕዝብ ተመራጮች የሚያስረዱበት መንገድ

በ2025 ጁላይ 1 ቀን የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ለመጪው የትምህርት ዘመን የሚሆን ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ የፌዴራል ገንዘብ ይደርሰናል ብለው እየጠበቁ ነበር። ኮንግረስ ገንዘቡን አጽድቋል፣ ፕሬዚዳንቱም ፈርመውበታል። አንድ ቀን ሲቀረው ግን ገንዘቡ ለግምገማ መያዙን የሚገልጽ መልእክት ከፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት መጣ። ከተያዘው ገንዘብ ውስጥ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ያህሉ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለሚሰጡ ፕሮግራሞች የተመደበ ነው። ብዙ ልጆች ሮቦት መገጣጠምና ኮድ መጻፍ የሚጀምሩት በእነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ ነው። ጁላይ 16 ቀን አሥር የሪፐብሊካን ሴናተሮች ገንዘቡ ይለቀቅ ብለው ለዋይት ሐውስ የበጀት ቢሮ ደብዳቤ ጻፉ። ከሁለት ቀን በኋላ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ላለው ፕሮግራም የተመደበው ገንዘብ፣ ጁላይ 25 ደግሞ ቀሪው እንደሚለቀቅ ተነገረ።

አንድ ሴናተር የገዛ ፓርቲው መንግሥት የያዘውን ገንዘብ ልቀቁ ብሎ ለመፈረም፣ ገንዘቡ በክፍለ ግዛቱ የት እንደሚውል ማወቅ አለበት። የሚያውቀው ደግሞ የነገረው ሰው ሲኖር ነው። ብዙውን ጊዜ ነጋሪዎቹ መምህራን፣ የክለብ አሠልጣኞችና የኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በዋሽንግተን ዲሲና በሚኒሶታ ልጆቻቸውን ወደነዚህ ፕሮግራሞች የሚልኩ፣ ከዚያም አልፈው በቤተ ክርስቲያንና በኮሙኒቲ ማኅበራት የቅዳሜ ትምህርት የሚያስተምሩ ወገኖቻችን ብዙ ስለሆኑ፣ አሠራሩን ከሥር መሠረቱ ማወቁ ይጠቅማል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስቴም ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ በአንድ ላይ ሲጠሩ ስቴም ይባላሉ። እዚህ የምናወራው ስለ መደበኛው የክፍል ትምህርት ሳይሆን ከጎኑ ስላለው ነው፤ የሮቦት ክለብ፣ የሳይንስ ዐውደ ርዕይ፣ የበጋ የኮዲንግ ካምፕ፣ የሮኬትና የድሮን ፕሮጀክት። መደበኛው ትምህርት በሕግ ግዴታ ነውና በጀቱ ቢቀንስም አይዘጋም። ክለቡ ግን ግዴታ ስላልሆነ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። በአሜሪካ አንድ ፕሮግራም የፌዴራል ገንዘብ ለማግኘት ሁለት ሕግ ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው የፈቃድ ሕግ ነው፤ «ይህ ፕሮግራም ይኑር፣ በዓመት እስከዚህ ድረስ ሊወጣበት ይችላል» ይላል። ሁለተኛው በየዓመቱ የሚወጣው የበጀት ሕግ ነው፤ «ዘንድሮ ይህን ያህል ይሰጠው» ይላል። የእድርን አሠራር የሚያውቅ ልዩነቱ ቶሎ ይገባዋል። መተዳደሪያ ደንቡ ለሐዘንተኛ እስከዚህ ድረስ ይከፈላል ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ በዕለቱ የሚከፈለው ግን ሣጥኑ ውስጥ ያለው ነው።

በ2015 የወጣውና በአጭሩ «ኤሳ» የሚባለው የትምህርት ሕግ ይህን በግልጽ ያሳያል። በሕጉ ውስጥ ታይትል 4-ኤ የሚባል ክፍል አለ። ትምህርት ቤቶች ገንዘቡን ለስቴም እንዲያውሉ ይፈቅዳል፤ እንዲያውም ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ተማሪዎች በሮቦቲክስ፣ በሒሳብና በኮምፒውተር ሳይንስ ውድድሮች እንዲሳተፉ መደገፍን በስም ይጠቅሳል። የፈቃድ ሕጉ ለ2017 በጀት ዓመት 1.65 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። በበጀት ሕጉ የተሰጠው ግን 400 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ከሩብ በታች ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት 1.1 ቢሊዮን ደረሰ። ሕጉ አንድ ፊደል ሳይቀየር ገንዘቡ ከእጥፍ በላይ አደገ። ስለዚህ «ሕጉ ወጥቶልናል» ብሎ መቀመጥ አያዋጣም፤ ጥያቄው በየዓመቱ እንደ አዲስ ይነሳል።

ቀጥሎ የሚያደናግረው ገንዘቡ በአንድ በር አለመምጣቱ ነው። የኮንግረስ የበጀት ኮሚቴዎች እያንዳንዳቸው 12 ንዑስ ኮሚቴ አላቸው። የስቴም ገንዘብ ቢያንስ በሦስቱ ይተላለፋል። የትምህርት ቤቶችና የከትምህርት ሰዓት በኋላ ፕሮግራሞች ገንዘብ በሥራ፣ በጤናና በትምህርት ንዑስ ኮሚቴ በኩል ያልፋል። የናሳና የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን በንግድ፣ በፍትሕና በሳይንስ በኩል ነው። 4-ኤች የሚባለው ትልቁ የወጣቶች ፕሮግራም ደግሞ በግብርና በኩል ይመጣል።

በከተማ ዳር የሚኖር የ12 ዓመት ልጅ ድሮን ሲያበር ገንዘቡ ከግብርና መሥሪያ ቤት መምጣቱ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ታሪክ ነው። በ1862 የወጣው የሞሪል ሕግ ለክፍለ ግዛቶች መሬት ሰጥቶ የግብርናና የምህንድስና ኮሌጆች እንዲቋቋሙ አደረገ። በ1902 በኦሃዮ ክላርክ ካውንቲ ለገጠር ልጆች ክለብ ተጀመረ፤ የ4-ኤች አጀማመር ከዚያ ይቆጠራል። በ1914 የስሚዝ-ሌቨር ሕግ የዩኒቨርሲቲዎቹን እውቀት ወደ ሕዝቡ የሚያደርስ የኤክስቴንሽን አገልግሎት አቋቋመ። 4-ኤች ዛሬም በዚህ አገልግሎት ሥር ነው፤ ከዶሮ እርባታ ጎን ለጎን ሮቦቲክስና ኮዲንግ ያስተምራል። በቨርጂኒያ አገልግሎቱን የሚመሩት ቨርጂኒያ ቴክና ቨርጂኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ በሜሪላንድ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በዲሲ ደግሞ የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ።

የኤክስቴንሽን ገንዘብ ሌላም ጠባይ አለው። ፌዴራል መንግሥቱ ይሰጣል፣ ክፍለ ግዛቱ አቻ ገንዘብ ያዋጣል፣ ካውንቲውም ብዙ ጊዜ የባለሙያውን ደመወዝ በከፊል ወይም ቢሮውን ይሸፍናል። ስለዚህ አንድ የ4-ኤች ባለሙያ ሦስት ዓይነት ተመራጮችን ማስረዳት አለባት፤ ኮንግረስን፣ የክፍለ ግዛቱን ምክር ቤትና የካውንቲውን ካውንስል። ከሦስቱ አንዱ እጁን ሲሰበስብ የሌሎቹም ይናጋል። ዋሽንግተን ድረስ ሄደው የገዛ ካውንቲያቸውን ካውንስል የሚረሱ ብዙዎች ናቸው፤ ግን የካውንስል አባል ለማግኘት ቀላል ነው፣ ፕሮግራሙንም በመኪና 10 ደቂቃ ነድቶ ሊያየው ይችላል።

ይህ ሎቢ አይደለም ወይ? መምህር ይፈቀድለታል?

«ፖለቲካ ውስጥ መግባት አይፈቀድልንም» ብለው ጭራሽ ዝም የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ምንም ገደብ የለም ብለው በድርጅቱ ስም ያሻቸውን ይናገራሉ። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ማስረዳት ማለት ፕሮግራሙ ምን እንደሆነ፣ ማንን እንደሚያገለግል፣ ምን ውጤት እንዳመጣ መንገር ነው። ሎቢ የሚሆነው ስለ አንድ የተለየ ሕግ ወይም ረቂቅ አንስተን አቋም ስንገልጽ ነው። «በእርስዎ ወረዳ 42 ልጆች ከትምህርት በኋላ ሮቦት ይሠራሉ፤ ግማሾቹ ሴቶች ናቸው» ማስረዳት ነው። «ለዚህ ረቂቅ ድምፅ ይስጡ» ሎቢ ነው። ብዙዎች የሚዘነጉት «በዘንድሮው የበጀት ሕግ ለዚህ ፕሮግራም የሚሰጠው ይጨመር» ማለትም ሎቢ መሆኑን ነው፤ በጀትም ሕግ ነውና።

ሎቢ ደግሞ ለሁሉም የተከለከለ አይደለም። 501ሲ3 የሚባሉት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በመጠኑ ይፈቀድላቸዋል፤ የሥራቸው ዋና ክፍል ግን መሆን የለበትም። «ዋና ክፍል» የሚለው ግልጽ ስላልሆነ ሕጉ ሌላ አማራጭ ሰጥቷል። ቅጽ 5768 የሚባለውን ባለአንድ ገጽ ወረቀት ለግብር መሥሪያ ቤቱ ሞልቶ የሚልክ ድርጅት በቁጥር የተለካ ገደብ ያገኛል። በዓመት ለዓላማው 200,000 ዶላር የሚያወጣ ማኅበር 20 በመቶውን፣ ማለትም እስከ 40,000 ዶላር፣ ለሎቢ ማዋል ይችላል። ከዚያ ውስጥ ሕዝቡን «ለተመራጭህ ደውል» ብሎ ለመቀስቀስ የሚውለው ከሩቡ፣ ከ10,000 ዶላር፣ መብለጥ የለበትም። ይህ አማራጭ ለቤተ እምነቶች አይሠራም። የቅዳሜ የሒሳብና የኮዲንግ ትምህርቱ በቤተ ክርስቲያኑ ስም የሚካሄድ ከሆነ ቅጽ 5768ን መሙላት አይቻልም፤ አሮጌው፣ ግልጽ ያልሆነው ገደብ ይጸናል። ትምህርቱ ራሱን የቻለ ማኅበር ሆኖ ከተመዘገበ ግን ይቻላል። ልዩነቱን ከሒሳብ ባለሙያ ጋር ቀድሞ መነጋገር ይሻላል።

የማይታለፉ መስመሮችም አሉ። ከፌዴራል በተገኘ ገንዘብ ሎቢ ማድረግ አይቻልም፤ የመጓጓዣው ወጪም ሆነ የሠራተኛው ሰዓት ከሌላ ምንጭ መሸፈን አለበት። ለምርጫ ተወዳዳሪ ድጋፍ መስጠት ለ501ሲ3 ሙሉ በሙሉ ክልክል ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርና የዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከመሄዳቸው በፊት የመሥሪያ ቤታቸውን የመንግሥት ግንኙነት ክፍል ማነጋገር አለባቸው። በሥራ ሰዓትና በሥራ ኢሜይል መልእክት የላከች መምህርት ሐሳቧ ምንም መልካም ቢሆን ተግሣጽ ሊደርስባት ይችላል። በራሷ ጊዜ፣ በራሷ ስልክ፣ በራሷ ስም ስትናገር ግን ማንም አይከለክላትም።

መቼ ነው መሄድ ያለብን?

ጥሩ ዝግጅት ኖሮት በተሳሳተ ወር የሚሄድ ብዙ ነው። የፌዴራል በጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምራል። የፕሬዚዳንቱ የበጀት ሐሳብ በሕጉ መሠረት በፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ሰኞ መቅረብ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ሐሳብ ብቻ መሆኑን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ለ2018 የቀረበው የበጀት ሐሳብ የናሳ የትምህርት ቢሮ እንዲዘጋ ይጠይቅ ነበር፤ ኮንግረስ 100 ሚሊዮን ዶላር ሰጠው። በቀጣዩ ዓመትም ይዘጋ ተባለ፣ 110 ሚሊዮን ተሰጠው። የሚወስነው የኮንግረሱ በጀት ነው።

የተመራጮቹ ቢሮዎች የበጀት ጥያቄ የሚቀበሉት አብዛኛውን ጊዜ በፌብሩዋሪና በማርች ነው። እያንዳንዱ ቢሮ በድረ ገጹ ላይ ቅጽና የመጨረሻ ቀን ያወጣል፣ ቀኖቹም ከቢሮ ቢሮ ይለያያሉ። በሜይ የደረሰ ጥያቄ ትሕትና ያለው መልስ ያገኛል፣ ገንዘብ ግን አያገኝም። ለማስተዋወቅና ለጉብኝት ደግሞ ተመራጮቹ ወደ ወረዳቸው የሚመለሱበት ኦገስት ተመራጭ ነው፤ ችግሩ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወር መሆኑ ነው። የበጋ ካምፕ ያለው ፕሮግራም በዚህ ይጠቀማል።

የክፍለ ግዛቶቹ ጊዜ አጭር ነው። የሜሪላንድ ምክር ቤት በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ተከፍቶ በ90 ቀን ያልቃል። የቨርጂኒያው ከዚያም ያጥራል፤ በሙሉ ቁጥር ዓመታት 60 ቀን ነው፣ በጎዶሎዎቹ በሕገ መንግሥቱ 30 ቀን ሆኖ ብዙ ጊዜ ይራዘማል። ጃንዋሪ ላይ መዘጋጀት የሚጀምር ሰው ዘግይቷል። ኖቬምበር ላይ፣ ምክር ቤቱ ሳይከፈት፣ ቡና እየጠጡ መነጋገር ይቻላል።

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፋል?

አንድ ገጽ። ሃያ ገጽ ያለው ፋይል ቢያምርም አይነበብም፤ እንግዶችን የሚያነጋግረው የተመራጩ ረዳት በቀን ከብዙ ሰዎች ጋር ይገናኛል፣ ምሽት ላይ የሚያነበው የሚታጠፍ አንድ ወረቀት ነው።

ቁጥሮቹ የወረዳው መሆን አለባቸው። «በአሜሪካ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች…» የሚለው ለማንም አይነካውም። አንድ ምሳሌ እናስላ። ክለቡ 42 ልጆች አሉት እንበል፣ 28 ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በቀን 90 ደቂቃ። እያንዳንዱ ልጅ በዓመት 84 ሰዓት ይማራል። የዓመቱ ወጪ 37,800 ዶላር ቢሆን ለአንድ ልጅ 900 ዶላር ነው፤ በሰዓት 11 ዶላር ገደማ። ከዚያ የወጪው ምንጭ ይጻፋል፤ 24,000 ከፌዴራል፣ 9,000 ከካውንቲው፣ 4,800 ከወላጆችና ከለጋሾች። ይህ የመጨረሻው መስመር በብዙ ወረቀቶች ላይ የለም፤ ተመራጩ ግን መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። የፌዴራሉ ገንዘብ ቢቀር ምን እንደሚፈርስ ከዚያ ይታያልና። ተራ የሚጠብቁ ልጆች ካሉ ቁጥራቸው ይጨመር።

ወረቀቱ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ይኑር፣ አንድ ብቻ። አምስት ጥያቄ ይዞ የገባ ሰው የሚቀለው ተመርጦ ይመለስለታል፤ እሱም ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ ነው። ጥያቄው ለትክክለኛው ሰው መቅረቡም ወሳኝ ነው። የ4-ኤች ጉዳይ ይዞ የትምህርት ረዳቱን ቀጠሮ የያዘ ሰው «ይህ የግብርና ረዳታችን ሥራ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ቀጠሮ ሲጠየቅ የፕሮግራሙን ስም ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ በየትኛው ንዑስ ኮሚቴ እንደሚያልፍ መጻፍ ይህን ያስቀራል።

አሥራ አምስቱ ደቂቃ እንዴት ያልፋል?

በካፒቶል ቢሮዎች አንድ ቀጠሮ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያነጋግረው ረዳቱ ነው፤ ወጣት ይሆናል፣ አንዳንዴም ከመምህሩ ተማሪዎች ብዙም አይበልጥም። በእኛ ባህል ትልቁን ሰው ሳያገኙ መመለስ እንደ መናቅ ሊቆጠር ይችላል። እዚህ ግን ማስታወሻውን የሚጽፈው፣ ለአለቃው «ይህን እንደግፍ» የሚለው ያ ወጣት ነው። በሙሉ ክብር፣ በሙሉ ዝግጅት ሊነገረው ይገባል።

ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ይበቃሉ። በ10 ልጅ የተሞላ ጠባብ ቢሮ ውስጥ ማንም አይደመጥም። ለሠርቶ ማሳያ የሚሻለው በጠረጴዛ ላይ የሚሠራ፣ በ90 ሰከንድ የሚያልቅ ነገር ነው። በነጭ ወረቀት ላይ የተለጠፈ ጥቁር መስመር የሚከተል ትንሽ ሮቦት ጥሩ ምርጫ ነው። ሮቦቱ ከሥሩ ብርሃን የሚለካ ዳሳሽ አለው፤ ነጩ ላይ ሲሆን ብዙ ብርሃን ይመለሳል፣ ጥቁሩ ላይ ሲሆን ጥቂት።

በጣም የሚያስቸግረውም እዚሁ ላይ ነው። በክፍል ውስጥ ነጩ 90፣ ጥቁሩ 20 ይነበብ ነበር እንበል፤ ልጅቷ መካከሉን 55ን ወስዳ «ከዚህ በላይ ከሆነ ወደ መስመሩ ታጠፍ» ብላ ኮዱን ጽፋለች። በቢሮው መብራት ሥር ነጩ 70፣ ጥቁሩ 10 ሊሆን ይችላል፤ ድንበሩ አሁን 40 መሆን ነበረበት። ሮቦቱ ይወላውላል ወይም ከመስመር ይወጣል። ስለዚህ ቁጥሮቹን እዚያው ክፍል ውስጥ እንደገና መለካት ያስፈልጋል፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እንዲያውም ልጅቷ ይህን በረዳቱ ፊት ብታደርገው ይሻላል። «መብራቱ ስለተለየ እንደገና ልለካው» ብላ ቁጥሩን ስታስተካክልና ሮቦቱ ሲስተካከል፣ ስለ ምህንድስና ትምህርት ምንም ንግግር አያስፈልግም።

ሌላው ዝግጅት ቀላል ነው። ባትሪ ይሞላ፣ ሮቦቱና ታብሌቱ ቀድመው ይገናኙ፣ ፕሮግራሙ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ይሁን። ወደ ሕንፃዎቹ ሲገባ ዕቃ ሁሉ በኤክስሬይ ይፈተሻል፤ ስለታም መሣሪያ አይግባ፣ ለፍተሻውም ግማሽ ሰዓት ይተው። ከተወካዮች ምክር ቤት ቢሮዎች ወደ ሴኔቱ ቢሮዎች በእግር 20 ደቂቃ ሊፈጅ ስለሚችል ሁለት ቀጠሮ አጠጋግቶ መያዝ ያስቸግራል። ልጆቹ ንግግር በቃላቸው እንዲይዙ ማስገደድም አይመከርም፤ በቃሉ የያዘ ልጅ ሲጠየቅ ይደነግጣል። «ምን አበላሸህ? እንዴት አስተካከልከው?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች በራሱ ቋንቋ መመለስ ከቻለ ይበቃዋል።

ስጦታን በተመለከተ ደንቡ ጥብቅ ነው። ለኮንግረስ አባልና ለረዳቶቹ የሚሰጥ ስጦታ ከ50 ዶላር በታች፣ ከአንድ ምንጭ በዓመት በድምሩ ከ100 ዶላር በታች መሆን አለበት። ሎቢስት ከሆነ ሰው ወይም ድርጅት ጭራሽ አይቀበሉም። እንግዳን ጋቢ ማልበስ የእኛ ክብር ነው፤ ነገር ግን ጥሩ ጋቢ ከ50 ዶላር ሊያልፍ ስለሚችል ተቀባዩን ችግር ውስጥ ይከታል። ልጆቹ በሦስት-ልኬት ማተሚያ የሠሩት የቁልፍ መያዣ ይበቃል።

እነሱ ወደ እኛ ቢመጡስ?

ከተቻለ ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ግብዣው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቀድሞ በወረዳው ቢሮ በኩል ይላክ፤ 45 ደቂቃ ይበቃል። የንግግር ፕሮግራም አይብዛ። እንግዳው መነጽር አድርጎ፣ መቆጣጠሪያውን ይዞ፣ ልጅ ሲያስተምረው ነው የሚያስታውሰው። ወላጆች ለፎቶ ፈቃድ የሚሰጡበት ወረቀት ቀድሞ ይፈረም፤ ያልፈረሙ ወላጆች ልጆች ከካሜራው ጀርባ ባለ ጠረጴዛ ይሥሩ። በምርጫ ወራት ጉብኝቱ የቅስቀሳ መድረክ እንዳይሆን፣ ባነርና ቲሸርት እንደማይገባ ቀድሞ ይነገር፣ የሌላውም ፓርቲ ተመራጭ ይጋበዝ።

ገንዘብ ከመመደብ ሌላ ምን ሊያደርጉልን ይችላሉ?

ብዙ። የታገደ ገንዘብ እንዲለቀቅ ደብዳቤ መጻፍ አንዱ ነው። የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ አንድ ቢሮ ውስጥ ሲቆም ቢሯቸው ሊከታተል ይችላል። የሚያውቁትን ድርጅት ወይም ኮሌጅ ከክለቡ ጋር ያገናኛሉ። ወጪ የሌለውና ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ የኮንግረስ የመተግበሪያ ውድድር ነው። የተወካዮች ምክር ቤት በ2013 ያጸደቀው ይህ ውድድር በየዓመቱ ለመለስተኛና ለከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይከፈታል። ተማሪዎች ለብቻ ወይም እስከ አራት ሆነው መተግበሪያ ሠርተው በወረዳቸው እንደራሴ ስም ይወዳደራሉ። ውድድሩ የሚካሄደው ግን እንደራሴው ለመሳተፍ ከተመዘገበ ብቻ ነው። «ወረዳችንን ያስመዝግቡልን» ማለት ለመጀመሪያ ቀጠሮ የሚሆን ምርጥ ጥያቄ ነው፤ በጀት አይነካም፣ እሺ ለማለትም ቀላል ነው፣ ለቀጣዩ ቀጠሮም በር ይከፍታል።

ዜግነት የሌለው ወላጅ መናገር ይችላል?

ይችላል። የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች የሚከፋፈሉት በክፍለ ግዛቱ በሚኖረው ሰው ሁሉ ቁጥር እንጂ በመራጭ ብቻ አይደለም። ለቀጠሮ የዜግነት ማስረጃ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው አድራሻ ነው። እንግሊዝኛው የማይደፍር ወላጅ አስተርጓሚ ይዞ መግባት ይችላል፤ ሆኖም አስተርጓሚው የገዛ ልጁ እንዳይሆን ቢደረግ መልካም ነው። ልጁ የራሱን ሥራ ሊያስረዳ ነው የመጣው፤ ሁለቱን ሥራ አብሮ መያዝ ይከብደዋል። አንዲት እናት «ልጄ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ሥራ ላይ ሆኜ የት እንዳለ አውቃለሁ» ማለቷ ብዙ ቁጥር የማይሸፍነውን ይሸፍናል።

ከቀጠሮው በኋላስ?

በማግስቱ አጭር የምስጋና ኢሜይል ይላክ፤ በውስጡ የተጠየቀው አንዱ ጥያቄና ባለአንድ ገጹ ወረቀት እንደገና ይያያዙ። በስብሰባው ላይ መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ ካለ በሳምንቱ ውስጥ መልሱ ይላክ። ገምቶ መመለስ አይገባም፤ አንድ የተሳሳተ ቁጥር በኋላ ሲታወቅ ወረቀቱን በሙሉ ዋጋ ያሳጣዋል። ረዳቶች ቶሎ ቶሎ ሥራ ይቀይራሉ፤ በስድስት ወር ውስጥ ያው ቢሮ አዲስ ሰው ሊኖረው ስለሚችል በመከር ላይ እንደገና መተዋወቅ ያስፈልጋል።

ተመራጭዎ ማን እንደሆነ ለማወቅ በተወካዮች ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ የፖስታ ኮድዎን ያስገቡ። አንዳንድ ኮዶች ሁለት ወረዳ ላይ ስለሚያርፉ ሙሉ አድራሻ ሊጠየቁ ይችላሉ። ሴናተሮች ለእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ሁለት ናቸው። የዲሲ ነዋሪ በምክር ቤቱ ድምፅ የማይሰጥ ተወካይ ብቻ አለው፣ ሴናተር የለውም፤ ስለዚህ ለእሱ 13 አባላት ያሉት የከተማው ካውንስል የበለጠ ክብደት አለው። በስልክ ለሚቀለው ደግሞ የካፒቶሉ ማዞሪያ 202-224-3121 ነው፤ የእንደራሴውን ስም ነግሮ «የቀጠሮ ኃላፊውን ያገናኙኝ» ማለት ይበቃል።